ቁማር ቤት ሲከፈት ሰፈሩ ይጠየቅ!



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ቁማር ሐራም መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ ተነግሮናል፤ በዚህ አንከራከርም። የምንከራከረው በሌላ ነው፦ ቁማር ቤት ሰፈር ውስጥ ሲከፈት ወሳኙ ማን ነው? ፈቃድ ሰጪው መንግሥት ወይስ ልጆቹን እዚያ የሚያሳድገው ነዋሪ?

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የአሜሪካዋን ቨርጂኒያ እንይ። በ2020 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ ምክር ቤት ለአምስት ከተሞች የካሲኖን በር ከፈተ፤ ግን የከተማው ሕዝብ በድምፁ ካልተስማማ አይሠራም አለ። ሪችመንድ በ2021 እምቢ አለች። ባለሀብቶቹ ለቅስቀሳ ሚሊዮኖች ዶላር አፍስሰው በ2023 ተመለሱ፤ ሕዝቡ ከመጀመሪያው በሰፋ ልዩነት መለሳቸው።

«ፒተርስበርግ እኮ በ2024 በድምፅ ተቀብላዋለች» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። ድምፅ ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ነገር ግን ግብሩን መንግሥት ሲሰበስብ ዕዳው፣ ፍቺውና የልጆች እንባ ሰፈር ውስጥ ይቀራል። ጉዳቱን የሚሸከም ሰው ሳይጠየቅ ሊወሰንበት አይገባም።

እኛስ? በየሰፈራችን ቤቲንግ ቤት ሲከፈት ማን ጠየቀን? ካልጠየቁን እኛ እንጠይቅ፤ የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ሄደን በአደብ፣ ግን ሳንፈራ እንናገር። ትኬቱ ኪሳችን ውስጥ እያለ ግን አፋችን አይከፈትም። መጀመሪያ እሷን እንቅደድ!

አላህ ቤታችንንም ሰፈራችንንም ይጠብቅልን። አሚን።