መንገዳችንን የሚሸጠው ማነው?

የኢንተርኔት አቅራቢ እንደ ፖስተኛ ነው፤ መልእክት ያደርሳል እንጂ ለማን እንደጻፍን መዝግቦ አይሸጥም። አሜሪካ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ቬራይዘን ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለማስታወቂያ ሲል ደንበኞቹ ሳያውቁ የሞባይል ኢንተርኔት አጠቃቀማቸው ላይ መለያ ቁጥር ይለጥፍ ነበር፤ በ2016 1.35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት ያለ ደንበኛው ፈቃድ እንዲህ ያለ መረጃ ለማስታወቂያ እንዳይውል የሚከለክል ደንብ ወጣ። በ2017 ግን ኮንግረስ ሻረው፤ ፕሬዝዳንት ትራምፕም ፈረሙበት።

«የምደብቀው የለኝም» ለሚል ወገናችን መልሳችን የሙስሊም ፕሮ ጉዳይ ነው። የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ይህ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ-ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ይሰጥ እንደነበር በ2020 ተጋለጠ፤ ከነጋዴው ደንበኞች መካከልም ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። መተግበሪያው ግንኙነቱን አቋረጠ፤ የተሸጠው መረጃ ግን አይመለስም።

መተግበሪያን ከስልካችን ማጥፋት እንችላለን። ያለ ኢንተርኔት አቅራቢ ግን መስመር የለም። የተመሰጠረ ገጽ ያነበብነውን ይሸፍናል፤ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ቪፒኤንም ቢሆን አደራውን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች የአቅራቢያችሁን የማስታወቂያ ምርጫ ገብታችሁ ዝጉ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ነው፤ ይህንንም ድምፅ ከምንሰጣቸው ተመራጮች ልንጠይቅ ይገባል።