በሥራ ወደ ሰው አገር የተላከ ቤተ ሰብ ለወገኑ ስለሚጽፈው ጽሕፈት

በመንግሥት ሥራም ሆነ በንግድ ጉዳይ ተልኮ ሁለትና ሦስት ዓመት በሰው አገር የሚቀመጥ ሰው በዛሬ ዘመን ብዙ ነው። በሚነሣበት ቀን ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ሲሸኘው ሁሉም አንድ ቃል ይነግረዋል፤ ይኸውም «እባክህ ጻፍልን፤ የምታየውን ሁሉ ንገረን» የሚል ነው። እርሱም እሺ ብሎ ይሄዳል። ከደረሰ በኋላ የሚልከው ነገር ቢመረመር ግን፥ በዐደባባይ ሐውልት ሥር ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍና «እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብንም» የምትለው ቃል ብቻ ሆና ትገኛለች። ይህች ቃል መልካም ናት፤ እናትንም ታሳርፋለች። ነገር ግን ስለዚያ አገርም፥ ስለዚያ ቤትም የምትነግረን ነገር የለም።

«ሁሉን በስልክ እንነግራቸው የለምን? ምን መጻፍ ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። በእርግጥ ድምፅና መልክ በቅጽበት የሚደርስበት ጊዜ ነው። ቢሆንም ዋሽንግተን ያለ ሰው ከሥራው ወጥቶ ቤቱ ሲገባ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ በክረምታቸው ስምንት፥ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራሉና። ቶኪዮ ያለውም ስድስት ሰዓት ይቀድመናል። ስለዚህ በስልክ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ የችኰላ ነው፤ ካለፈም በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማስረዳት ከ300 ዓመት በፊት የነበሩ የአንዲት ወይዘሮ ታሪክ ስላለ፥ ዛሬ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

እመቤት ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ የእንግሊዝ መኳንንት ወገን ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1716 ዓ.ም. ባለቤታቸው በቱርክ ሱልጣን ዘንድ አምባሳደር ሆነው በተሾሙ ጊዜ፥ እርሳቸውም ትንሽ ልጃቸውን ይዘው በቪየናና በቤልግሬድ በኩል ተጉዘው በ1717 ዓ.ም. ወደ አድርያኖፕል፥ ኋላም ወደ ቁስጥንጥንያ ደረሱ። አምባሳደሩ የተላኩበት ጉዳይ በኦስትሪያና በቱርክ መካከል ዕርቅ ማድረግ ነበረ። ይህ ሥራ አልሆነላቸውም፤ ብዙ ሳይቈዩ ተሽረው በ1718 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአምባሳደሩን ድካም የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ከታሪክ ዐዋቂዎች በቀር የለም፤ የባለቤታቸውን ደብዳቤ ግን ዓለም እስከ ዛሬ ያነበዋል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከእርሳቸው በፊት ስለ ቱርክ ሴቶች ኑሮ የጻፉት መንገደኞች ወንዶች ስለ ነበሩ፥ ወደ እልፍኙ ሳይገቡ ከደጅ ሆነው የሰሙትን ይጽፉ ነበረ። እመቤት ሜሪ ግን ገቡ፤ ከወይዛዝሩ ጋር ተቀምጠው በሉ፤ የቱርክንም ቋንቋ መማር ጀመሩ። በሶፊያ ከተማ ወደ ሴቶች መታጠቢያ በሄዱ ጊዜ ሴቶቹ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ለመኗቸው፤ እርሳቸውም ቀሚሳቸውን ከፍተው በአገራቸው ልማድ ወገባቸውን የሚያጠብቁበትን ጠንካራ የውስጥ ልብስ አሳዩአቸው። ሴቶቹም ባላቸው የቈለፈባቸው ሣጥን መስሏቸው እጅግ አዘኑላቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ይስቃል፤ ነገር ግን ጸሓፊዋ ስለ ሌሎች ሴቶች ሲጽፉ፥ ራሳቸው ለሌላው ምን መስለው እንደ ታዩ አለመደበቃቸውን ልብ እንበል። እኛ ከየአገሩ በሚመጡልን ጽሕፈቶች ብዙ ጊዜ የምናጣው ይህንን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1717 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ከአድርያኖፕል ለአንዲት ወዳጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በአውሮፓ ከመኳንንት አዳራሽ እስከ ድኻ ጎጆ የሚገባ መቅሠፍት ነበረ። የእመቤት ሜሪ ወንድም በ1713 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ሞተዋል። እርሳቸውም በ1715 ዓ.ም. ታመው ሲድኑ፥ በመልካቸው የታወቁት ወይዘሮ ፊታቸው ጠባሳ፥ ዐይናቸውም ሽፋሽፍት የሌለው ሆኖ ቀረ። በአድርያኖፕል ጠይቀው የተረዱት ነገር ይህ ነበረ። በመስከረም ወር ሙቀቱ ሲበርድ ቤተ ሰቦች ይሰበሰባሉ፤ አንዲት አሮጊት ከቀላል ፈንጣጣ የተወሰደ መግል በለውዝ ቅርፊት ይዛ ትመጣለች፤ ቈዳውን በመርፌ ጫር አድርጋ በመርፌው ጫፍ ላይ የተያዘውን ታገባበታለች፤ ቁስሉንም በባዶ ቅርፊት ሸፍና ታስረዋለች። ልጆቹ አንድ ሳምንት ያህል እንደ ልማዳቸው ሲጫወቱ ይቈዩና ትኵሳት ይይዛቸዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተኝተው ይነሣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣ አይነካቸውም።

ይህ ነገር ለሐኪሞች አዲስ አልነበረም። በቁስጥንጥንያ የሚኖር ኤማኑኤል ቲሞኒ የተባለ ሐኪም የጻፈው መግለጫ በ1714 ዓ.ም. ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሎንዶን የሊቃውንት ማኅበር ደርሶ ታትሟል። ሊቃውንቱ አነበቡት፤ ከመዝገብም ገባ፤ በእንግሊዝ አገር በዚያ ምክንያት የተከተበ ልጅ ግን አልተሰማም። ነገሩን ከመዝገብ አውጥተው ወደ ቤት ያገቡት እናቲቱ ናቸው። በ1718 ዓ.ም. በማርች ወር ባለቤታቸው ከከተማው ርቀው ሳሉ አንዲት የግሪክ አሮጊት አስጠርተው ወንድ ልጃቸውን አስከተቡ። የአሮጊቷ እጅ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረና መርፌዋም የዛገ ስለ ሆነ ልጁ ተሠቃየ፤ ስለዚህ የኤምባሲው ሐኪም ቻርልስ ሜይትላንድ ሁለተኛውን ክንድ በራሳቸው መሣሪያ ከተቡት። ልጁም ዳነ። በዚያው በቁስጥንጥንያ የተወለደችውን ሕፃን ልጃቸውን ግን አላስከተቧትም፤ ሞግዚቷ ፈንጣጣ ያልወጣባት ስለ ነበረች በሽታው ከሕፃኗ እንዳይተላለፍባት ፈርተው ነው። ይህንን ፍርሃታቸውንም ለባለቤታቸው ጽፈውታል።

በ1721 ዓ.ም. በሎንዶን ፈንጣጣ በተነሣ ጊዜ ያችኑ ሴት ልጅ የቤተ መንግሥት ሐኪሞች እያዩ አስከተቧት። በሚቀጥለው ዓመት የዌልስ ልዕልት ካሮላይን ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን አስከተቡ። ይህ ክትባት ያለ አደጋ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በተደረገው ቈጠራ ከ50 ተከታቢ አንድ ያህል ይሞት ነበረ። በበሽታው ከተያዙት ግን ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው አንዱ ይሞት ነበረና ወላጆች የሚያንሰውን አደጋ መረጡ። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ዓ.ም. በላም ፈንጣጣ የሚደረገውን የተሻለውን ክትባት እስከ ገለጹ ድረስ ብዙ ሕይወት በዚህ ተርፏል፤ ፈንጣጣም በ1980 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ተነግሯል።

በአገራችንም በሥራ ሄዶ ያየውን የመጻፍ ልማድ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ፥ ነገሩን ሳያሳድሩ በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ሹመትና የሥራ ብዛት መጻፍን እንደማይከለክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ይመልከት።

እንግዲህ ስለ ዛሬዎቹ ቤተ ሰቦቻችን እንናገር። የሰው አገር ኑሮ መጀመሪያው ደስታ ነው፤ ጐዳናው፥ ባቡሩ፥ የገበያው ብዛት ሁሉ ያስደንቃል። ሐዘኑ የሚመጣው ኋላ ነው። ስቬር ሊስጎር የሚባሉ የኖርዌይ ሰው ለጥናትና ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱትን 200 ያገራቸውን ሰዎች ጠይቀው በ1955 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከስድስት ወር በታች የቈዩትና ከ18 ወር በላይ የቈዩት ኑሮው ተስማምቷቸው ነበረ፤ በመካከል ያሉት ግን ብዙ ተቸግረዋል። ከዚያ ወዲህ የመረመሩ ሌሎች ሊቃውንት የሁሉ ሰው ነገር በዚህ መልክ እንደማይሄድ ቢያስረዱም፥ በሰው አገር የተቀመጠ ሁሉ እነዚያን የመካከል ወራት ያውቃቸዋል። በስቶክሆልም የተመደበ ሰው በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስትጠልቅ ያያል። ባል ቢያንስ የሚውልበት መሥሪያ ቤትና የሚያነጋግረው ባልደረባ አለው። በአገሯ አስተማሪ ወይም ሐኪም የነበረች ሚስት ግን ሥራዋን ትታ፥ ቋንቋውን ሳታውቅ፥ በአራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ስታይ ትውላለች። በሠርጉ ቀን የሚሰበሰበው ወገን፥ በወሊድ ጊዜ ገንፎ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት፥ ቡናው ሲፈላ የሚጠራው ሰው በዚያ የለም። ሴቲቱ ሠርታ የባል ማደሪያ የምትሆንበት፥ ባል ተከታይ የሚሆንበት ቤትም ዛሬ አለ፤ የእርሱም ነገር ከዚህ አይቀልም፤ እንዲያውም ወንድ ስለ ሆነ የሚያወያየው አያገኝም።

በእነዚህ ወራት ሰው መጻፍ ይተዋል፤ «ምን ደስ የሚል ነገር አለና ልጻፍ» ይላልና። በእኛ አሳብ ግን ብዕር የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ጄምስ ፔንቤከር የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ በ1986 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ፥ በልባቸው የተቀበረውን ክፉ ነገር አራት ቀን በየዕለቱ 15 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች፥ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በሚከተሉት ወራት ወደ ሐኪም ቤት የሄዱበት ጊዜ አንሶ ተገኝቷል። ይህን ጽሕፈት ለማንም መላክ አያስፈልግም።

ለወገን የሚላከውም ቢሆን እውነቱን መያዝ አለበት። ሁልጊዜ ዐደባባዩንና ድግሱን ብቻ የሚልክ ሰው፥ ዘመዶቹ ብር ከሜዳ በሚታፈስበት አገር የሚኖር ቢመስላቸው የሚፈርድባቸው ማን ነው? ከዚያ በኋላ የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የአክስት ቤት ክዳን፥ የጎረቤት ሠርግ በእርሱ ላይ ሲወድቅ፥ እንቢ ቢል «ጨከነ»፥ እሺ ቢል ዕዳ ነው። በጄኔቫ የሚኖር ሰው ከደመወዙ ምን ያህሉ ለቤት ኪራይ፥ ምን ያህሉ ለመድንና ለትምህርት ቤት እንደሚሄድ አንድ ጊዜ በግልጽ ቢጽፍ ልመና አይደለም፤ ነውርም የለበትም። የዳቦው ዋጋ፥ ቤቱ በምን እንደሚሞቅ፥ ጎረቤት ሲሞት በዚያ አገር ሰዎች እንዴት እንደሚላቀሱ፥ ሽማግሌዎች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ቢጻፍልን ከሐውልቱ ይልቅ ይጠቅመናል።

የልጆችን ነገር ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። እመቤት ሜሪ ፔራ ከሚባለው የቁስጥንጥንያ ሰፈር ሲጽፉ፥ በቤታቸው አሽከሮችና ገረዶች መካከል ዐሥር ያህል ቋንቋ ይነገር እንደ ነበረ፥ የሰፈሩም ሕፃናት ብዙ ቋንቋ ሲናገሩ አንዱንም አጥርተው እንደማያውቁ፥ የራሳቸውም እንግሊዝኛ ሊጠፋቸው እንደ ደረሰ በሣቅ ጽፈዋል። ሩት ዩዚም የተባሉት የአሜሪካ ሊቅ በሕንድ አገር በሥራ ላይ ያሉትን ያገራቸውን ቤተ ሰቦች ካጠኑ በኋላ እንዲህ ያሉትን ልጆች «የሦስተኛ ባህል ልጆች» ብለው ጠርተዋቸዋል፤ የወላጆቻቸውም አገር፥ የተቀመጡበትም አገር ሙሉ በሙሉ የእነርሱ አይደለምና። በስድስት ዓመቱ ሄዶ በዐሥር ዓመቱ የሚመለስ ልጅ አማርኛ ሰምቶ ይመልሳል፤ ፊደሉን ግን አያነብም። በሳምንት አንድ ገጽ ለአያቱ በእጁ ቢጽፍ፥ «ሀ»ና «ሐ»ን ቢያሳስትም ግድ የለም፤ አያቱም ስሕተቱን ሳይሆን ነገሩን ይመልሱለት። ይህን የሚያስጀምሩት ወላጆች ናቸው፤ ገና ከመነሣታቸው በፊት ቢያስቡበት ይሻላል።

አለመጻፍ የሚገባም አለ። በሹመት ላይ ያለ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ነገር በቤት ደብዳቤ አይጨምርም። በ1961 ዓ.ም. በቪየና የተደረገው የዲፕሎማቶች ውል በ41ኛው አንቀጽ እንደሚያዝዘው፥ እንዲህ ያለው ሰው የተቀበለውን አገር ሕግ ማክበርና በውስጥ ጉዳዩ አለመግባት ግዴታው ነው፤ ስለዚህ በእራት ላይ የሰማውን የባለሥልጣን ወሬ ለሕዝብ ሁሉ በሚታይ ጽሕፈት ቢያወጣ ነገሩ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። የልጆችን ፎቶግራፍና የሚማሩበትን ስፍራ ለማያውቁት ሰው ማሳየትም ደግ አይደለም። በቤት የሚያገለግሉት ሰዎችም የራሳቸው ክብር ስላላቸው፥ ሣቅ ለማምጣት ተብሎ ስማቸው አይነሣ።

ስለዚህ ሁለት ደብተር ቢኖር መልካም ነው፤ አንዱ ለወገንና ለወዳጅ የሚነበብ፥ ሁለተኛው ለራስ ብቻ የሚቀመጥ። እመቤት ሜሪ ከደብዳቤዎቹ ሌላ በየጊዜው የሚጽፉበት የግል ማስታወሻ ነበራቸው። ይህ በልጃቸው እጅ ቀረ። ልጃቸውም ያችው በ1721 ዓ.ም. የተከተበችው ሕፃን ናት፤ አድገው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ ቢዩት ባለቤት ሆነዋል። እርሳቸውም የቤተ ሰቡ ስም እንዳይነቀፍ ፈርተው በ1794 ዓ.ም. ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብለው ማስታወሻውን አቃጠሉት። ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። የቱርክ አገሩ ደብዳቤ የተረፈው እመቤት ሜሪ በ1761 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ግልባጩን በሮተርዳም ለሚኖሩ አንድ ቄስ አደራ ሰጥተውት ስለ ነበረ ነው፤ ቤተ ሰቡ ያን ግልባጭ ከቄሱ ገዝቶ ቢወስደውም አስቀድሞ ሌላ ሰው ቀድቶት ኖሮ በ1763 ዓ.ም. በሎንዶን ታተመ።

በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የተቀመጠው የዛሬው ጽሕፈት መሣሪያው ሲበላሽ ወይም የምሥጢር ቃሉ ሲረሳ አብሮ ይጠፋል። በየዓመቱ መጨረሻ በወረቀት አውጥቶ ማስጠረዝ ብዙ ወጪ የለበትም፤ አንዱን ቅጅ ከራስ ዘንድ አኑሮ፥ ሌላውን በአገር ቤት ላለ ለታመነ ዘመድ መላክ ነው።