ባዶ እግር በገንዘብ

ባዶ እግርም በገንዘብ የሚገዛበት ዘመን ላይ ደረስን። ሶሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ተረከዙ ያልተነሣ፣ ፊቱ ጣት እንደልቡ የሚዘረጋበት ጫማ በውጭ አገር «የባዶ እግር ጫማ» እየተባለ ይሸጣል። ዋጋው ስፖንጅ ከታጨቀበት የሩጫ ጫማ እምብዛም አይተናነስም። ከውጭ የመጣ ዘመድ አንድ ጥንድ ይዞልኝ መጥቶ ነበርና ልሞክረው ሐይቅ እስጢፋኖስ ወረድኩ።

ሐይቅና ገዳም ያለበት ይህ ስፍራ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሳንባም ይፈተናል። ለእግር ደግሞ ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ አላውቅም፤ ወደ ገዳሙ ሲወርዱ ጠጠር፣ ውኃው ዳር ሣርና ለስላሳ አፈር፣ ወደ አምባሰል ቀና ካሉ ድንጋይ በድንጋይ። በወፍራም ሶል ሦስቱም አንድ ናቸው። በቀጭኑ ግን መሬቱ ለእግር ይናገራል። ጠጠሩ ላይ ተረከዜ አስቀድሞ ማረፉን እምቢ አለ፤ እርምጃዬ አጠረ፣ በእግሬ የፊት ክፍል ማረፍ ጀመርኩ። ሣሩ ላይ ስደርስ ደስታ ነው። በማግስቱ ግን ባቴ እንደ እንጨት ደርቆ ደረጃ መውረድ አቃተኝ።

መንገድ ላይ ያገኙኝ አንድ ሽማግሌ እግሬን አተኩረው አዩና «ልጄ፣ ሶሉ አልቆብሃል እኮ!» አሉኝ። «አይ አባባ፣ አዲስ ነው፤ አሠራሩ እንዲህ ነው» ብላቸው ትንሽ ዝም አሉ። «አብሽር፣ ገበያው ጫማ ሞልቶበታል» አሉኝ። አላመኑኝም። እሳቸው ያደረጉት በረባሶ ነበር።

በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ የሜክሲኮ ታራሁማራዎች የጎማ ሶል ባለው ነጠላ ጫማ ተራራ ለተራራ እንደሚሮጡ ጽፎ ዓለምን ጉድ አሰኝቶ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ይህ የድሃ ጫማ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን ነች በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ኩባንያ መሥርታ ያንኑ የጎማ ሶል በክብር ለውጭ ገበያ ያወጣችው።

የባዶ እግር ወዳጆች ሁሉ መጨረሻቸው አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ሮም ላይ የሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዕለት ነበር። ባዶ እግሩን የሆነው ጫማ አጥቶ አይደለም፤ የቀረበለት ስላልተመቸው በልምምድ ወደለመደው ተመለሰ እንጂ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ያዘ። ይህን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። ቶኪዮን ግን ማንም አያነሣም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ጨረሰ። ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኗል። ያፈጠነው ጫማው ነው አልልም፤ ባዶ እግርን ግን እንደ ሃይማኖት አልያዘውም።

ስሙን የያዙት ሌሎች ናቸው። የጣሊያኑ ቪብራም በ2010 እ.ኤ.አ. ባለአምስት ጣት ከሆኑት ጫማዎቹ አንዱን «ቢኪላ» ብሎ ሸጠ። ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት «እያወቃችሁ ዘግይታችኋል» ተብሎ ክሱ ተዘጋ። ይኸው ኩባንያ ጫማው እግር ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል ብሎ በማስተዋወቁ በሌላ መዝገብ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ጥናቶቹም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። በ2010 እ.ኤ.አ. የሐርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በእግራቸው የፊት ክፍል እንደሚያርፉ፣ ሲያርፉ የሚደርስባቸው ግጭትም እንደሚቀንስላቸው አሳዩ። በ2013 ሰሜን ኬንያ ውስጥ የታዩት ዳሰነቾች ግን (ዳሰነች የእኛም ሕዝብ ነው) ባዶ እግራቸውን አድገው በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዛቸው አረፉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በአሥር ሳምንት ወደ ባለጣቱ ጫማ እንዲሸጋገሩ ከተደረጉ 19 ሯጮች የ10ሩ እግር አጥንት ውስጥ እብጠት ታየ። ሐኪም ባልሆንም፣ ችኮላ እንደማይበጅ ከዚህ ይገባኛል።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ስለ ባዶ እግር ሲወራ ዝሆኔን መዝለል አይቻልም። የደጋውና የወይና ደጋው ዝሆኔ ከትንኝ አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ፣ በተፈጥሮ ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ ዓመት ከዓመት እግርን ያሳብጣል። ይህን ያስረዳው ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። አንድ ግምት በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የነበረውን የታማሚ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያደርሰዋል። በሽተኛውን ከእብጠቱ ይልቅ የሰው ዓይን ይጎዳዋል፤ ከሠርግም ከለቅሶም ይቀራል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ከዚህ የሚረክስ መድኃኒት የለም።

እንግዲህ ቀጭኑን ጫማ ወድጄዋለሁ፤ ሐይቅ ዳር ሣሩ ላይ ደጋግሜ እሮጥበታለሁ፤ ኮረኮንች ላይ ግን አሮጌውን ስኒከሬን አደርጋለሁ። ልሞክር የምትሉ ከሣር ጀምሩ፣ እግራችሁን በጉዞ አለማምዱት፣ ባታችሁ ሲያማችሁ እረፉ። የሩጫ ጫማ ስትቀይሩም አሮጌውን አልጋ ሥር አትወርውሩት። በየሰፈራችሁ ባዶ እግሩን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለና፣ አጥባችሁ ስጡት።