እንግዳችሁን ሞል አትውሰዱት

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከደብረ ማርቆስ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ምርመራው ሐሙስ አለቀ፣ መመለሻው እሑድ ነው። መሀል ላይ ሁለት ባዶ ቀን ተገኘ። እኔም እንደ አብዛኞቻችሁ ሞል ወሰድኩት፣ በኤስካሌተር አወጣሁት፣ በርገር ጋበዝኩት። በማግስቱ መናፈሻ ሄደን ፎቶ ተነሣን።

ጋሼ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል "የአፈወርቅን መስኮት ሳላየው ልሄድ ነው" አለ። ለእኔ እንኳን አልነበረም፣ ለራሱ ያወራ ነው የሚመስለው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መስኮቱ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ነው። 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት፣ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳይ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቹ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው ያስተማረው። ቀለሙን አይቶት አያውቅም። እኔ ደግሞ በዚያ በር በታክሲ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ!

"ጊዜ አጠረን" እንላለን። ጊዜ አይደለም። ሙዚየም የፈረንጅና የተማሪ ጉብኝት ነገር ነው ብለን ስለደመደምን ነው። "ውድ ነው" እንዳይባል ለኢትዮጵያዊ የሙዚየም መግቢያ ከዚያች በርገር ያንሳል። ማቀድ ስንጀምር ደግሞ ሌላ ስህተት እንሠራለን፤ አሥር ቦታ እንጽፍና ቀኑን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን። ሁለት ቀን ያለው ሰው አንድ ሰፈር ይያዝ ባይ ነኝ።

ለእኔ ያ ሰፈር ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው ነው። በእግር ይሄዳል። ብሔራዊ ሙዚየም ስትገቡ ድንቅነሽን ምድር ቤት አይታችሁ እንዳትወጡ፣ ሥዕሎቹ ያሉት ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ። አደባባዩ ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ከመኪና መስኮት ያላየው የለም፤ ወርዶ ዙሪያውን የተቀረጸውን የጭፍጨፋ ምስል ቀርቦ ያየው ግን ስንቱ ነው?

ከሐውልቱ ቀጥሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሆኗል። ፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ለፋሺስት አገዛዝ ዘመናቸው በየዓመቱ አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው፤ የእኛ ሰዎች አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። እኔ ከአገሪቱ ሐውልቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ውስጡ ደግሞ የብሔረሰቦቻችን ቅርስ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ተደርድሯል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጡት።

እግራችሁ ካልደከመ እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ሐረር የተወለደው ሠዓሊና ገጣሚ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ በስደት ነው ያረፈው፤ ጀርመን አገር የቀሩ ሥዕሎቹ ግን ተመልሰዋል። ሰውዬው ያልተመለሰበት ከተማ ውስጥ ሥዕሉ ፊት መቆም ሌላ ስሜት አለው።

ምሽቱን ቲያትር። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅርም ይሁን ብሔራዊ፣ የሚታየውን ቀድማችሁ ጠይቁ። የሁለተኛው ቀን ጠዋት የጭቃ ቤት ጥበብ ለማየት መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ይበቃል።

ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው አልልም። አንዱ ሙዚየም ውስጥ መብራቱ ደብዝዞ ሥዕል በስልኬ ባትሪ ያየሁበት ቀን አለ፣ ስለ ሥዕሉ የተጻፈውም ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ያናድዳል። ግን ጎብኚው እኛ ካልሆንን ማን ይጮህበታል?

አፍሪካ አዳራሽ ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዘው አይባልም፣ ቀድሞ ማመልከትና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከእሱ ጀምሩ፣ የሥራ ቀን ላይ አድርጉት፣ ሌላውን በዙሪያው ደርድሩ።

ጋሼ ለቀጣዩ ምርመራ በጥር ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ "ዘንድሮ አንድ ቀን ቀደም ብለህ ና፣ መስኮቱን እናያለን" አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" ስል፣ "እንግዲያው መነጽሬን ቀይሬ ነው የምመጣው" አለኝ።