ጉልበት ሲያምም እግር አይታሰር

አረጋውያንን ከእንቅስቃሴ ከሚያርቁ ችግሮች መካከል የጉልበት፣ የዳሌና የወገብ ሕመም ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ለእነዚህ ሕመሞች አንዱ መንስኤ በሆነው በመገጣጠሚያ መበላት የሚሠቃዩ ሰዎች 528 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነዚህ 73 በመቶው ከ55 ዓመት በላይ ናቸው።

በአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለችው በደጀን ከተማና በዙሪያዋ ሕመሙ ከኑሮው ጋር የተሳሰረ ነው። ጤፍ በክረምት ጎንበስ ተብሎ ይታረማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በማጭድ ይታጨዳል። እናቶች ውኃ በጀርባቸው ተሸክመው፣ እህል ፈጭተው፣ ምጣድ ፊት ቁጢጥ ብለው ኖረዋል። ዕድሜ ገፍቶ ጉልበት መቆርጠም ሲጀምር ልጆች፣ «አባባ፣ እስካሁን የለፉት ይበቃል፤ አሁንስ ይረፉ» ብለው መደብ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ንግግሩ ከፍቅርና ከአክብሮት የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን ጉዳት ነው።

በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አካል የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ሰው ሲራመድ ጫን ለቀቅ እየተደረገ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። ያልሠራ የጭን ጡንቻም ይሟሽሻል፤ ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ሕመሙ ይብሳል። የባሰው ሕመም ሰውየውን ይበልጥ ያስቀምጠዋል። ሚዛን መጠበቅ ሲዳከም ደግሞ መውደቅ ይከተላል።

ስለዚህ የሚሻለው እንቅስቃሴን መተው ሳይሆን መመጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንና ጥንካሬ የሚያዳብር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህን የማይችል የአቅሙን ያህል ይንቀሳቀስ ይላል፤ በ10 ደቂቃ እርምጃ መጀመርም ይቻላል። ደጀን አፋፍ ላይ ያለች ናት፤ ቁልቁለት ጉልበትን ስለሚጫን ሜዳውን መርጦ መሄድ ይበጃል። ክረምት ጥቁሩ አፈር ሲያዳልጥ ልምምዱ ቤት ውስጥ ይቀጥላል፦ ከወንበር በዝግታ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሣት። በልምምዱ ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ቢሰማ አያሠጋም፤ በማግስቱም ካልቀነሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ መጠኑ ይቀነስ።

ከዘራ ከሚያመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዛል። ስግደት የከበዳቸው ንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄዱን ግን አይተዉት። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አዘውትሮ መዋጥ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትንም ሊያባብስ ይችላል።

ትኩሳት ያለው እብጠት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከክብደት መቀነስ ጋር፣ የእግር መስነፍ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ከወደቁ በኋላ መቆም አለመቻል ሲከሰት ልምምዱ ቆሞ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው አረጋዊውን ከሥራ ማግለል አይደለም። መቀመጫውን ከፍ ማድረግ፣ ከባዱን ሸክም ተቀብሎ ቀላሉን ለእሱ መተው፣ ሲወጣ አብሮ መሄድ ይገባዋል። ወላጅን ማክበር በአቅሙ ልክ እየተንቀሳቀሰ እንዲኖር ማገዝንም ይጨምራል።