አይጥ ወደ ገበያ ቤትና ወደ ጭነት መኪና እንዳይገባ ስለ መከልከል

ገበሬ አርሶና ጐልጕሎ ያገኘውን እህልና አትክልት ወደ ገበያ ባደረሰ ጊዜ ድካሙ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሳይዘራ የሚሰበስብ፣ ግብርም ሳይከፍል ከጐተራ የሚካፈል ሌላ ባለ ድርሻ አለ፤ ይኸውም አይጥ ነው። አይጥን በመግደል ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል በብዙ አገር ተፈትኖ ታውቋል። የሚበጀው ከመጀመሪያው እንዳይገባ ቤቱን መዝጋት ነው። ይህንም ማድረግ የሚገባው ቤቱን ለጥቂት ወር የተከራየው ነጋዴ ሳይሆን፣ ቤቱን የሠራው ባለ ንብረትና ስፍራውን የመደበው ሹም ነው።

ለዚህ ነገር የአዲስ አበባው አትክልት ተራ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ይህ ገበያ በአራዳና በመርካቶ መካከል ለብዙ ዘመን ሲሠራ ኖሮ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ሕዝቡ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጥምቀት በዓል አስቀድሞ ከጃን ሜዳ ተነሥቶ ወደ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ስፍራ ሄደ። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ሁለት ጊዜ ስፍራ የለወጠ ገበያ ቤቱ ተነቃይ ቢሆን አያስደንቅም። ድንኳን፣ የቆርቆሮ ዳስ፣ በሳንቃ የተገጣጠመ ሱቅ፣ ሁሉም በችኰላ ይተከላል፤ በችኰላ የተተከለም ቤት ከሥሩ ክፍት ነው። ገበያን ማዛወር ለሰው ጤና ሊጠቅም ይችላል፤ አዲሱ ስፍራ አስቀድሞ ካልተሰናዳ ግን አይጥ ከነጋዴው ጋር አብሮ ይሰፍራል።

ነገሩም በአዲስ አበባ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ከየአውራጃው ይጀምራል። ሙዝ ከአርባ ምንጭ፣ ቲማቲምና ሽንኵርት ከመቂና ከዝዋይ በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣል። ሙዙ እንዳይጐዳ ካሶኒው በቅጠል ይነጠፋል፤ ያም ቅጠል ለአይጥ መኝታ ይሆናል። ሹፌሩና ረዳቱም ብዙ ሌሊት በጋቢናው ውስጥ ስለሚያድሩ መኪናው ለእነርሱ የሚሄድ ቤት ነው። አይጥ በገባበት ጊዜ ስንቃቸውን ይበክላል፤ የመብራቱንም ሽቦ ልጦ መኪናውን ለእሳት ያጋልጣል። በእርሻው ላይ የሚያደርሰውም ጥፋት የተመረመረ ነው። አፈወርቅ በቀለና ባልደረቦቻቸው በዝዋይ የበቆሎ እርሻ ላይ አድርገው በ2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ጕዳቱ ከመቶ 26 እጅ ያህል መሆኑን ገልጠዋል። ከእርሻ የተረፈው በመንገድና በገበያ እንደ ገና ከተበላ፣ ለገበሬው ምን ይቀርለታል?

ጠላትን የሚከለክል አስቀድሞ ጠባዩን ሊያውቅ ይገባዋል። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ታልፋለች፤ አይጠ መጐጥ የሚባለውም ትልቁ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ እንጨትና ላስቲክ ሲፍቅ ይኖራል። እንስቲቱ በሦስት ሳምንት ያህል ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ጥቂት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ዛሬ አሥር ቢገደሉ ቀዳዳው ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ስፍራቸው ባዶ አይቀርም።

አንዳንድ ሰዎች መርዝ ይበቃል ይላሉ። አይጥ ግን አዲስ ምግብን ይጠረጥራል፤ ጥቂት ቀምሶ ከታመመም ዳግመኛ ወደዚያ ምግብ አይቀርብም። ከዚህም በላይ ሰው በጥሬው የሚበላው ቲማቲምና ሰላጣ በተከመረበት ስፍራ መርዝ መበተን አይጥን ሳይሆን ሰውን ማስጨነቅ ነው። ድመትም መልካም ረዳት ናት፤ ነገር ግን በግድግዳና በወለል ሥር የተሸሸገውን ልትደርስበት አትችልም።

የሚሠራው ሥራ ከባድ አይደለም፤ አባቶችም ጐተራን በድንጋይና በቆጥ ላይ ከፍ አድርገው፣ በጭቃና በእበት ሲመርጉት ያውቁት ነበር። የሱቁና የመጋዘኑ ወለል ከምድር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ በእግሮቹም ላይ እንደ አክንባሎ የተደፋ ቆርቆሮ ቢታሰር አይጥ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። የመዝጊያው ግርጌ በቆርቆሮ ይለበጥ። መስኮቱ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ቧንቧና ሽቦ የሚያልፉበት ክፍተት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቅጥቆ በሲሚንቶ ይደፈን። የጭነት መኪናም እንዲሁ ነው፤ ከመጫኑ በፊት ካሶኒው ይጠረግ፣ አሮጌው ቅጠል ይቃጠል፣ የጋቢናውም ወለል ቀዳዳ ይዘጋ። የበሰበሰ አትክልት ግን በገበያው ውስጥ ካደረ ይህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በየቀኑ ሊወጣ ይገባል። ጅብም ቢሆን ሌሊት ወደ ከተማ የሚወርደው የሚበላው ቆሻሻ ስለሚያገኝ ነው።

በውጭ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። በ1898 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ቸነፈርን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቍንጫ መሆኑን አሳየ። በየወደቡም አይጥ በገመድ ወደ መርከብ እንዳይወጣ በገመዱ ላይ ክብ ቆርቆሮ ይታሰራል። በካናዳ የአልበርታ ክፍለ አገር ደግሞ በ1942 ባወጣው ሕግ፣ ተባይን የማጥፋት ግዴታ በእያንዳንዱ ባለ ይዞታና በእያንዳንዱ የወረዳ አስተዳደር ላይ አኖረ። በ1950 አይጥ በምሥራቅ ድንበሩ በታየ ጊዜ 600 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የጥበቃ ቀጠና አቆመ። የአልበርታ ብልሃት የመርዙ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ኀላፊነቱ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

በአገራችንም የጐደለው ይኸው ነው። ተከራዩ ነጋዴ ነገ ለሚለቀው ሱቅ ወለል አያነጥፍም፤ ባለ ቤቱም ኪራዩ እስከ ደረሰው ድረስ አይጨነቅም፤ ሹሙም ነገሩ የጽዳት ሠራተኛ ሥራ ይመስለዋል። በዚህ መካከል የሚከስረው ገበሬውና ሸማቹ ነው። ስለዚህ የወረዳና የከተማ አስተዳዳሪዎች ገበያ ከማቋቋማቸው ወይም ከማዛወራቸው በፊት ወለሉን፣ የውሃ መውረጃውንና የቆሻሻ ማውጫውን ሊያሰናዱ ይገባል። ቤትና መጋዘን የሚያከራዩ ባለ ንብረቶችም ቀዳዳ የመድፈን ግዴታ በኪራይ ውላቸው ውስጥ በስማቸው ሊጻፍ ይገባል። ወጪው ይበዛል የሚል ቢኖር፣ አንድ ዓመት ሙሉ በአይጥ የሚበላውን ንብረት በአንድ ወገን፣ የጥቂት ቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ በሌላ ወገን አድርጎ ይመዝን። ጐተራን ከፍ አድርገው የሠሩ አባቶች ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት አስበውት ነበር፤ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ከዚያ ያነሰ ሊያስብ አይገባውም።