ፎቶንና ሰው ለየቅል ናቸው

የቻይናዋ ሚሲየስ ሳተላይት በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳካችውን የኳንተም ቴሌፖርቴሽን ሙከራ ይዞ፣ ሰውን በቅጽበት የሚያሻግረው የቴሌቪዥን ድራማው የ«ስታር ትሬክ» ማጓጓዣ ደጃችን ደርሷል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። እስከ 1400 ኪሎ ሜትር የተሻገረው የፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኳንተማዊ ሁኔታ እንጂ ቁስ አይደለም። ለዚያውም ላኪው ያደረገው ልኬት ውጤት በተለመደው መገናኛ ካልደረሰው ተቀባዩ ምንም አይጨብጥም፤ ከብርሃን መፍጠን ብሎ ነገር የለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደግሞ 7 ቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል አተም ነው። ማን ይለካዋል?

የድራማው ደራሲዎች የመለካቱ ችግር ስለገባቸው «ሃይዘንበርግ ኮምፔንሴተር» የሚባል ዕቃ ፈጥረው አለፉት። ማጓጓዣው ራሱ የተፈለሰፈው በ1960ዎቹ የጠፈር መርከቧን በየፕላኔቱ ማሳረፍ ለቴሌቪዥን በጀት ስለከበደ ነው (ደግ አደረጉ፣ አምሮበታል)። የበጀት መላ ግን የሳይንስ ትንቢት አይደለም።